ሰውነት በገዛ ራሱ ላይ ሲነሣ የመከላከያ ኀይሉ ደክሟል ማለት ነውን?

ለዚህ የቤተ ሰብ ጤና ዐምድ ከሚደርሱት ጥያቄዎች አንዱ በልዩ ልዩ እጅ ቢጻፍም ሐሳቡ ሁልጊዜ አንድ ነው። እናት፥ እኅት ወይም ባለቤት ከሐኪም ቤት ትመለስና «ሕመምሽ የሰውነትሽ መከላከያ የገዛ አካልሽን ስለሚወጋ የመጣ ነው አሉኝ» ትላለች። ቤተ ሰቡም ከዚህ ረዥም ንግግር ውስጥ «መከላከያ» እና «በሽታ» የሚሉትን ሁለቱን ቃላት ብቻ ይዞ ይቀርና «እንግዲያውስ መከላከያዋ አልቋል» ብሎ ይደመድማል። ከዚያ ወዲያ አንደኛው ዘመድ ማርና ጥቁር አዝሙድ ይዞ ይመጣል፤ ሁለተኛው ጉንፋን የያዘውን ልጅ ከደጃፍ ይመልሳል፤ አንዲት ጎረቤት ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የኤች አይ ቪን ስም ታነሣለች። ታማሚዋም ይህን ሁሉ ስትሰማ መድኃኒቱን ትሸሽጋለች፤ ወይም ጨርሳ ትተወዋለች።

ይህ ስሕተት የቃል ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ የመጽሔታችንን ገጽ ባልያዝንበት ነበር። ዳሩ ግን ሰውን ከመድኃኒቱ የሚለይ፥ አልፎ ተርፎም ሕይወት የሚያሳጣ ስሕተት ስለ ሆነ በሰፊው ልንናገርበት ወደድን።

አስቀድመን መልሱን እንስጥ። እንዲህ ያለ በሽታ መያዝ የመከላከያ ኀይል ደክሟል ማለት አይደለም፤ መከላከያው ጠላቱን ከወገኑ መለየት ተስኖታል ማለት ነው። እርግጥ መከላከያው በእውነት የሚደክምበት ጊዜም አለ፤ ይህ ግን በአብዛኛው በሽታውን ለመግታት ከሚሰጠው መድኃኒት፥ በጥቂቱም በሽታው ራሱ ካበላሸው ብልት የተነሣ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ለታማሚዋ ያሰበ ዘመድ የበሽታዋን ስም ከመጠየቅ ይልቅ የትኛውን መድኃኒት፥ በምን ያህል መጠን፥ ከመቼ ጀምሮ እንደምትወስድ ቢጠይቅ ወደ እውነቱ ይቀርባል።

የሰውነታችን መከላከያ በአንድ ብልት ብቻ የሚኖር ነገር አይደለም። በአጥንት መቅኔ ውስጥ ተወልደው በደምና በንፍፊቶች የሚዘዋወሩ ነጭ የደም ሕዋሳት፥ ከእነርሱም የሚመነጩ ፀረ አካላት፥ እንዲሁም የጣፊያና የሌሎች ብልቶች ሥራ ተባብረው የሚያቆሙት ዘብ ነው። ከእነዚህ ሕዋሳት አንዳንዶቹ ከደረት አጥንት ኋላ ባለች ታይመስ በምትባል ዕጢ ውስጥ፥ ተማሪ ቤት እንደ ገባ ልጅ፥ ይፈተናሉ። የገዛ አካላቸውን እንደ ባዕድ የሚያዩት አብዛኞቹ በዚያው እንዲጠፉ ይደረጋሉ። ሳይታወቁ የሚያመልጡ ግን አይታጡም፤ ስለዚህ እነርሱን የሚገቱ ሌሎች ሕዋሳት ከፈጣሪ ተሠርተዋል። የጃፓኑ ሊቅ ሺሞን ሳካጉቺ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1995 የእነዚህን ገቺ ሕዋሳት መኖር አስረዳ፤ በ2001 ደግሞ ሜሪ ብሩንኮውና ፍሬድ ራምስዴል የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች፥ ሲበላሽ መከላከያው በገዛ አካል ላይ እንዲነሣ የሚያደርገውን አንድ የዘር ቅንጣት ለይተው አገኙ። ስለዚህ ሥራቸው ለሦስቱም የ2025 የሕክምና የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታትም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ነገሩን በግቢ ውሻ እንመስለው። ሌባ አጥር ሲዘል ተኝቶ የሚያድር፥ ጥርሱ የረገፈ ውሻ አለ። ሌላው ደግሞ ጥርሱ የተሳለ፥ ጆሮው የነቃ ሲሆን፥ ሌባውንም ይይዛል፥ የጌታውንም ልጅ ይነክሳል። ከሁለቱም ዘንድ ለቅሶ ይሰማል። ነገር ግን የመጀመሪያው ውሻ ባለቤት ሥጋ ቢጨምርለት ያስተዋለ ሰው ነው፤ የሁለተኛው ውሻ ባለቤት ግን ሥጋ ጨምሮ ከማበርታት ይልቅ ገመድ ይፈልጋል። ሰውነት በገዛ ራሱ ላይ የሚነሣበት በሽታ ይህ ሁለተኛው ውሻ ነው። በልጁ ላይ የሚጮኸውም የዘቡ አንድ ክፍል እንጂ መላው አይደለም፤ የቀረው ጉንፋኑንም ወባውንም እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው መከላከያ ሊዋጋ ይችላል።

የኤች አይ ቪ ነገር ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ያ ቫይረስ ከውጭ ገብቶ የመከላከያውን ረዳት ሕዋሳት ቍጥር እያሳነሰ የሚሄድ ሲሆን፥ እርሱም ቢሆን ዛሬ በየዕለቱ በሚወሰድ መድኃኒት ይገታል። እኛ የምንናገርለት በሽታ ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በመኝታም፥ በማዕድም፥ በአንድ ዋንጫ በመጠጣትም አይጋባም። የታማሚዋን ብርጭቆ መለየት እርስዋን ከማሳዘን በቀር የሚጠብቀው ሰው የለም። የኤች አይ ቪ ሕመምተኛንስ ቢሆን ብርጭቆ መለየት ምን ይሉታል!

እንዲህ ያለው በሽታ የሚወጋው ብልት እንደየሰዉ ይለያያል። በሩማቶይድ አርትራይትስ የጣቶችና የእጅ አንጓ መጋጠሚያዎች በሁለቱም ወገን ያብጣሉ፤ ታማሚዋ ማለዳ ስትነሣ እጅዋ እንደ ደረቀ እንጨት ሆኖ ሊጥ ማቡካት ይሳናታል። በልጅነት በሚጀምረው በአንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ኢንሱሊን የሚያመነጩት የቆሽት ሕዋሳት ይጠፋሉ። በለምጽ የቆዳን ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት ይወጋሉ፤ ለምጽ ያለበት ሰው ተላላፊ ነገር የለበትም፥ መከላከያውም አልደከመም፤ ሆኖም በብዙ መንደር እስከ ዛሬ ድረስ ሰው እጁን ለመጨበጥ ያመነታል። ሉፐስ የተባለው ደግሞ ቆዳን፥ መጋጠሚያን፥ ኵላሊትንና ደምን በአንድነት የሚያውክ ሲሆን፥ ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ያህል ሴቶች፥ ይልቁንም በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ናቸው። ሉፐስ ያለባት እኅት ፀሐይ ስለሚያስነሣባት በዐውደ ምሕረት ላይ ጃንጥላ ብትዘረጋ ቅብጠት አይደለምና አትታዘቡአት።

በአገራችን ቤተ ሰብ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ሌላ ምሳሌ አለ፤ እርሱም ከጉሮሮ ሕመም የሚነሣው የልጆች የልብ በሽታ ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ጉሮሮውን ይታመማል፤ «ቶንሲል ነው» ይባላል። ሕመሙን ካመጡት ረቂቃን ተሐዋስያን አንዱ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ነው። የልጁ መከላከያ ይነሣበታል፥ ያሸንፈዋልም። ነገር ግን የዚህ ተሐዋሲ ቅርፊት ከልብ ሥጋ ጋር በአንዳንድ ነገር ስለሚመሳሰል፥ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ ያው አሸናፊ መከላከያ ወደ መጋጠሚያዎችና ወደ ልብ በሮች ይዞራል። ጉልበቱ ይፈወስና ክርኑ ያብጣል፤ እርሱም ይድናል፤ የልቡ ጉዳት ግን ጠባሳ ትቶ፥ ሕመሙም በተመላለሰ ቍጥር እየከፋ፥ በጎልማሳነቱ ትንፋሽ ያሳጥረዋል። እንግዲህ ይህ ልጅ መከላከያው ስለ ደከመ ታመመ ሊባል ይቻላልን? ለእርሱ የሚሰጠው ሕክምናም ትምህርት አለበት። በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው ፔኒሲሊን መከላከያውን አያበረታም፥ አያዳክምምም፤ ሥራው ሌባው ዳግመኛ አጥር እንዳይዘልና ውሻው እንዳይቈጣ ማድረግ ነው። የጉሮሮው ሕመም በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ በፔኒሲሊን ከታከመ የልቡ ጉዳት ከመጀመሪያውም ሊቀር ይችላል። እንጥል ማስቈረጥ ግን ከዚህ አያድንም፤ ደም ከማፍሰስና ቍስል ከማመርቀዝ በቀር።

ሊቃውንትም ቢሆኑ ሰውነት ራሱን ይወጋል የሚለውን ነገር በአንድ ቀን አልተቀበሉትም። ስመ ጥሩው የጀርመን ሊቅ ፖል ኤርሊክ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ሰውነት ራሱን ከመመረዝ የሚያፈገፍግበት ተፈጥሮ እንዳለው አስተማረ፤ ብዙዎችም ከዚህ የተነሣ እንዲህ ያለ በሽታ ሊኖር አይችልም ብለው ለብዙ ዘመን ቆዩ። በ1956 ግን አይቫን ሮይት፥ ዴቦራ ዶኒያክና ፒተር ካምቤል በእንግሊዝ አገር፥ የአንገታቸው ዕጢ በሚያብጥ ሕመምተኞች ደም ውስጥ በዚያው ዕጢ ላይ የተነሡ ፀረ አካላት አገኙ።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የሆነው ግን ለጥያቄያችን የበለጠ ምስክር ነው። በ1948 በአሜሪካ በሚኔሶታ ግዛት በሚገኘው በሜዮ ክሊኒክ፥ ፊሊፕ ሄንች የተባለው ሐኪምና ባልንጀሮቹ በመጋጠሚያ ሕመም ተይዛ መንቀሳቀስ ለተሳናት ለአንዲት የ29 ዓመት ሴት ኮርቲሶን የተባለውን መድኃኒት ወጉአት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥታ ተራመደች። ሄንችም ከኤድዋርድ ኬንዳልና ከታዴዎስ ራይሽታይን ጋር በ1950 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ኮርቲሶን የመከላከያን ቍጣ የሚያበርድ መድኃኒት ነው። የዚያች ሴት ሕመም ከመከላከያ ድካም የመጣ ቢሆን ኖሮ፥ ድካም ላይ ድካም ሲጨመር ይብስባት ነበር እንጂ እንዴት ተነሥታ ትራመዳለች? ይህን አንድ ነገር ያስተዋለ ሰው የመከላከያ ማበርቻ ነው እየተባለ በየገበያው ለሚሸጠው ዱቄትና ጠብታ ገንዘቡን ቶሎ አያወጣም። ነጭ ሽንኩርት፥ ማርና ጥቁር አዝሙድ በወጥና በዳቦ ውስጥ እንደ ምግብ ቢበሉ የሚነቅፋቸው የለም። መከላከያውን ያስነሣልኛል ተብሎ በብዛት የሚጠጣ ቅመም ግን ለዚህ ሕመም የተገላቢጦሽ ሐሳብ ነው፤ ከመድኃኒቱም ጋር ተጣልቶ ጉበትን ሊጐዳ ይችላልና ለሐኪም ሳይነገር ሊወሰድ አይገባም።

አሁን ወደ ሁለተኛው የመልሱ ክፍል እንለፍ። የሚናከሰው ውሻ በገመድ ሲታሰር ልጁ ይድናል፤ ነገር ግን ሌባም ሲመጣ ውሻው ያው እንደ ታሰረ ነው። ገመዱ ምን ያህል አጭር እንደ ሆነ ማወቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። ኢንሱሊን መከላከያውን ከቶ አይነካም፤ ለደከመው የአንገት ዕጢ የሚሰጠው ሌቮታይሮክሲንም እንዲሁ። ለሉፐስ የሚሰጠው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ቍጣውን ያበርዳል እንጂ ሰውን ለተላላፊ በሽታ አሳልፎ አይሰጥም፤ እርሱን የሚወስዱ ሰዎች ሊጠነቀቁ የሚገባቸው ለዓይናቸው ነውና ሐኪሙ በሚወስንላቸው ጊዜ ይመርመሩ። ሜቶትሬክሴትና አዛታዮፕሪን መካከለኛ ገመድ ናቸው፤ ደም በየጊዜው መመርመር ያሻቸዋል። ፕሬድኒሶሎን፥ የኮርቲሶን ዘመድ፥ በትንሽ መጠን ለጥቂት ቀን ሲወሰድ ብዙም አያሰጋም፤ በብዙ መጠን ለወራት ሲወሰድ ግን ገመዱ አጭር ነው። በመርፌ የሚሰጡት አዳዲሶቹ መድኃኒቶች፥ ይልቁንም ቲ ኤን ኤፍ የተባለውን የመከላከያ መልእክተኛ የሚይዙት፥ በሰውነት ውስጥ ተኝቶ የኖረውን የነቀርሳ ተሐዋሲ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛው ያህል ይህን የተኛ ነቀርሳ ተሸክሞ እንደሚኖር ይገመታልና፥ ሐኪሙ ከመድኃኒቱ በፊት የነቀርሳ ምርመራ ቢያዝዝ ታማሚዋ ተጠረጠርሁ ብላ አትዘን።

ስለ ፕሬድኒሶሎን አንድ ነገር እንጨምር፤ በገጠር ላደገ ሰው ይጠቅማልና። ስትሮንጂሎይድስ የሚባል ትንሽ ትል በባዶ እግር ሲሄዱ ከአፈር ወደ ሰውነት ይገባና ምንም ሳያሳምም በአንጀት ውስጥ ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ይህ መድኃኒት በብዛት ሲሰጥ ያ ትል በዝቶ በመላው አካል ይበተናል፤ ብዙ ሰውም በዚህ ይሞታል። በልጅነቱ በባዶ እግሩ ሲሄድ የኖረ ሰው፥ ዛሬ በከተማ ወይም በውጭ አገር ቢኖርም፥ ፕሬድኒሶሎን ለብዙ ጊዜ ሲታዘዝለት ይህን ለሐኪሙ ይንገር። ትሉን የሚያጠፋ መድኃኒት አለ።

በሽታው ራሱ መከላከያን የሚያደክምበት ጊዜም እንዳለ ተናግረናል። ሉፐስ የነጭ ደም ሕዋሳትን ቍጥር ሊያሳንስ፥ የጣፊያንም ሥራ ሊያጓድል ይችላል። የስኳር በሽታም ስኳሩ ሳይገታ ለብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ ነጭ ሕዋሳቱ ይሰንፋሉ፤ የእግር ቍስል የሚመረቅዘውም በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው። አንዳንድ ሰውም ከትውልዱ የመከላከያ ጉድለት ኖሮት በዚያው ላይ ሰውነቱ ራሱን የሚወጋበት ሕመም ይጨመርበታል፤ ድካምና ቍጣ በአንድ አካል ውስጥ አብረው ሊያድሩ ይችላሉ ማለት ነው። ይህን የሚለየው የደም ምርመራ እንጂ የጎረቤት ግምት አይደለም።

እንግዲህ እጅግ ወደሚያሳስበን ነገር ደረስን። ከእነዚህ ሕመሞች ብዙዎቹ ይነሡና ይተኛሉ። ታማሚዋ መድኃኒቱን እየወሰደች ወደ ጠበል ትሄዳለች፤ እብጠቱ ይጐድላል፤ ጣቶችዋ ይዘረጋሉ። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው ይነሣና «ከዳንሽ መድኃኒት መውሰድ አለማመን ነው» ይላታል። እኛ እግዚአብሔር በጠበሉ እንደሚፈውስ አንጠራጠርም። ነገር ግን ጌታ ዐሥሩን ለምጻሞች ባነጻቸው ጊዜ ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ እንደ ላካቸው በሉቃስ ወንጌል እናነባለን፤ በዚያ ዘመን ለምጽን የሚመረምሩና መንጻቱን የሚያረጋግጡ ካህናት ነበሩና። ወንጌሉን የጻፈው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም ነበር፤ መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምንና መድኃኒትን የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል። ስለዚህ ዳንሁ የምትል እኅት በሐኪም ትመርመር፤ መድኃኒቱም የሚቀነስ ቢሆን እርሱ ይቀንሰው።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከኵላሊት በላይ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች ራሳቸው የኮርቲሶንን ዓይነት ንጥረ ነገር ያመነጫሉ። ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታት ከውጭ ሲገባላቸው እነርሱ ሥራቸውን ይተዋሉ፤ በአንድ ቀን ሲቋረጥም ወዲያው ሊነቁ አይችሉም። ያን ጊዜ ታማሚዋ ትደክማለች፤ ያስመልሳታል፤ የደም ግፊትዋ ወርዶ ራስዋን ትስታለች፤ ፈጥኖ ካልተደረሰላትም ትሞታለች። ይህ በጠበል ቦታ ሲሆን ሰው ርኩስ መንፈስ ጣላት ይላል። ስለዚህ የሚያስታምሙአት ሁሉ፥ አጥማቂዎቹም ጭምር፥ ይህን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ እንደማይቻል ይወቁ። በጠበል ቦታ በአንድ አዳራሽ ብዙ ሰው ተጠጋግቶ የሚያድር ከሆነም፥ አጭር ገመድ ያለባት ታማሚ ለመስኮት የቀረበውን ቦታ ትያዝ፤ ከሚያስለው ሰውም ትራቅ።

ስለ ጾም የሚጠይቁን ብዙዎች ናቸው። ፕሬድኒሶሎን ጨጓራን እንዳይጐዳ ማለዳ ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? የሁዳዴ ጾም ሲቃረብ ሐኪሙንም የንስሓ አባቱንም አስቀድሞ ያማክር፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ የምታቀልለት ሥርዓት አላት፤ ሐኪሙም በሰዓት ረገድ የሚያመቻቸው ነገር ሊኖር ይችላል። የከፋው ነገር ለማንም ሳይነግሩ መድኃኒቱን ከቍርስ ጋር አብሮ መጾም ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ግን ያለ ሐኪም ፈቃድ ከቶ አይጹም። ሜቶትሬክሴት ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ በስሕተት በየቀኑ የወሰዱት ሰዎች የአጥንት መቅኔያቸው ተጐድቶ ሞተዋል። ቀኑን፥ ለምሳሌ «እሑድ ከቅዳሴ መልስ» ብሎ፥ በትልቅ ፊደል በዕቃው ላይ መጻፍ ይገባል። መውለድ የምታስብ ሴትም ይህ መድኃኒት ፅንስን ስለሚጐዳ ከመፅነስዋ ከወራት በፊት ለሐኪምዋ ትንገር።

ጾሙ ሲፈታም አንድ ጥንቃቄ አለ። አጭር ገመድ ያለባት ታማሚ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅርባት፤ ክትፎውም ይብሰልላት። አማት ወይም እንግዳ ተቀባይ ሴት «ለፋሲካ እንኳ!» ብትል፥ ይህን ዐምድ አንብባ ትታገሣት። ትኩሳት ከያዛት፥ ሽንት ካቃጠላት፥ ወይም አልማዝ ባለጭራ የሚሉት ሽፍታ በአንድ ጎንዋ ከወጣባት በዚያው ቀን ትታይ፤ ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትን ስለሚሸፍን ትንሽ የሚመስለው ትኩሳት ትንሽ ላይሆን ይችላል። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱንም የማትወስድ፥ ለምጽ ብቻ ወይም የአንገት ዕጢ ሕመም ብቻ ያለባት ሰው ግን ይህ ሁሉ አይመለከታትም፤ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ትብላ፥ ሰውም ትቀበል።

የቀረን የክትባት ነገር ነው። በተገደለ ተሐዋሲ የሚሠሩ ክትባቶች፥ በመርፌ የሚሰጠው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ጭምር፥ ለእነዚህ ታማሚዎች ጉዳት የላቸውም፤ ይልቁንም የሚመከሩ ናቸው። በቤት ውስጥ ያሉ ልጆችም የኩፍኝ ክትባታቸውን ቢጨርሱ ለእናታቸው አጥር ይሆኑላታል። እንደ ኩፍኝና እንደ ቢጫ ወባ ያሉት፥ ሕያው ሆኖ በተዳከመ ቫይረስ የሚሠሩት ክትባቶች ግን መከላከያው በመድኃኒት በተያዘ ሰው ላይ ራሳቸው በሽታ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዳንድ አገሮች ከእኛ አገር ከሚሄድ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀት ስለሚጠይቁ፥ ለጉዞ የምትዘጋጅ ታማሚ ከመከተብዋ በፊት መድኃኒትዋን ለክትባት ሰጪው ታሳይ። መከተብ የማይገባት ከሆነ ሐኪሙ ምክንያቱን ገልጾ የሚጽፈው ወረቀት አለ፤ አንዳንድ አገር ግን ይህን ወረቀት ላይቀበል ስለሚችል፥ የአውሮፕላን ቲኬት ከመግዛትዋ በፊት የምትሄድበትን አገር ኤምባሲ ትጠይቅ።